በስድሳ ሜትር ሩጫ መካከል ስለቆመው ልጄ

ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለስፖርት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

አመልካች፦ ወ/ሮ በለጠች ገሠሠ፣ የቀየት አካባቢ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ ሩጫውን ጀርባቸውን ሰጥተው የተከታተሉ ኃላፊ በልጄ ላይ ያቀረቡት ሪፖርት እንዲታረምና የተከለከለው የድጋፍ ደብዳቤ እንዲሰጠው ስለመጠየቅ

አቤቱታዬ በአቶ ናሁሰናይ እምሩ ላይ ነው። አቶ ናሁሰናይ የወረዳችን የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። ስማቸውን ከሁሉ በፊት የጻፍኩት በማናቸውም ጉዳይ ላይ በመጀመሪያ መጠራት ስለሚወዱ ነው፤ በእኔ ማመልከቻ ላይ ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። መጀመሪያ ዘመሮ ከተማ ድረስ ሄጄ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ቀርቤ ነበር። ነገሬን እስከ ግማሽ ሰምቶ እስክሪብቶውን ከደነና «እማማ፣ ጽሑፉስ ቀላል ነበር፤ ግን ልጆች አሉኝ» አለኝ። እኔም ልጅ አለኝ፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ዛሬ የምከራከርለትን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው። ስለዚህ መስመሬ ቢጣመም ይታለፍልኝ። የአቶ ናሁሰናይ ሪፖርት መስመሩ እንደ ክር የቀና ነው፤ ማኅተምም አለው፤ የጎደለው እውነቱ ብቻ ነው።

1ኛ. ልጄ አንዷለም ተገኘ የአጭር ርቀት ሯጭ ነው። አባቱ ተገኘ ካረፈ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ሯጭ በአገራችን መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም። በእኛ ዘንድ ሩጫ የሚባለው ተመልካቹ ወጥቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ከብቱን አጠጥቶ ሲመለስ ገና ያላለቀው ነው። የልጄ ሩጫ ግን ስድሳ ሜትር ነው። ይህም ማለት ከቤቴ ደጃፍ እስከ ጎረቤቴ እስከ ጠጄ በረት ድረስ ነው፤ ሰው አማትቦ «አሜን» ሳይል ያልቃል።

ለዚህች ለበረት መንገድ ባሕር ተሻግሮ በዓለም አቀፍ ውድድር ሊሮጥ መሆኑን፣ ያውም ሩጫው ጣራ ባለው ቤት ውስጥ መሆኑን ስነግራት ጠጄ «ቤት ውስጥ? ምሰሶውስ?» አለችኝ። «ምሰሶ የለውም አሉ» አልኳት። «ምሰሶ በሌለው ቤት ውስጥ ልጅሽን አስገባሽው? አንቺስ ሰው አይደለሽም» ብላ ስታዝንልኝ ዋለች። እኔም በልቤ ፈርቼ ነበር። የበግ ጠጉር ባናውን እንዲለብስ ብሰጠው «እማ፣ እዚያ ነፋስ የለም፤ ብርድ የለም» ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ነፋስ በሌለበት አገር ምን ዓይነት ሰው እንደሚበቅል ያኔ አላሰብኩም ነበር።

2ኛ. አቶ ናሁሰናይ ልጄ ሩጫውን ያገኘው «በጽሕፈት ቤታችን የተቀናጀ ጥረት» ነው ብለው ቀድሞ ጽፈዋል። የተቀናጀው ጥረት እንደሚከተለው ነው።

ጓሳ የሚባለው የጋራ ሣር መሬታችን ለዓመታት ተዘግቶ ይኖራል። በዚያ ጊዜ ከብት አይገባበትም፤ ማጭድ አይነካውም። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገሳና ለገመድ ሲደርስ ሽማግሌዎች ይከፍቱታል። በመክፈቻው ቀን ሕዝቡ ከድንበሩ ላይ ይሰለፋል። የጓሳው ዳኛ ቃል ሲሰጥ ሁሉም ይሮጣል፤ ደህናውን ሣር ቀድሞ የረገጠ ያጭደዋል። ሣሩ ከሰልፉ ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህ ሩጫው አጭር ነው፤ አጭር ስለሆነም ጨካኝ ነው። በረጅም ሩጫ የተቀደመ ሰው መንገድ ላይ ያካክሰዋል። በአጭር የተቀደመ ግን ክረምቱን ሙሉ ከሚያፈስ ጣራ ሥር ተቀምጦ ያስበዋል። የእኔ ጣራ አንዷለም ለሩጫ ከደረሰ ወዲህ ከአንድ ጊዜ በቀር አፍስሶ አያውቅም። ስለዚያች አንድ ጊዜ ወደ ታች እናገራለሁ። የጽሕፈት ቤቱ የተቀናጀ ጥረት በነዚያ ቀናት ከሰልፉ በየት በኩል ቆሞ እንደነበር አላየሁም፤ ሕዝብ በዝቶ ጋርዶኝ ይሆናል።

3ኛ. አሁን የምጽፈውን ክቡርነትዎ ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነውና።

ጓሳ ላይ ከዳኛው ቃል በፊት እግሩን ያነሣ ሰው ሌባ ነው። አጠገቡ የተሰለፈ ሰው ይህን ካየ መሮጥ አይችልም። ባለበት ይቆማል፤ እጁን ያነሣል። ዳኛውም «መልሱ!» ብሎ ሁሉንም ይመልሳል፤ ሰልፉ እንደገና ይሠራል። አይቶ እንዳላየ አብሮ የሮጠ የሌባው ተካፋይ ነው፤ ሁሉን ቢቀድም እንኳ ያጨደው ይነጠቃል።

ዓይኑ ተሳስቶ የቆመ ሰውስ? እሱ ሰልፉ እንደገና ሲሠራ ለዚያ ቀን ከውጭ ይቀራል፤ የራሱን ሣር አጣ፤ በቃ። አይሰደብም፤ አይከሰስም። ምንም ሳያይ፣ እያወቀ፣ በተንኮል እጁን ያነሣ ግን ከሌባውም ይብሳል፤ ሕዝብን አቁሟልና። እንዲህ ያለው ሰው ዳግመኛ ከሰልፉ አይገባም፤ ቤቱም ከጓሳ ይወጣል። ልጆቻችን ይህን የሚማሩት ከአባታችን ሆይ ጋር ነው። የትኛውን አስቀድመው እንደሚይዙ አላውቅም።

4ኛ. ልጄ በትምህርት ቤት ውድድር ታይቶ አዲስ አበባ ካለ አንድ የስፖርት ክለብ ገባ። በዚህ ዓመትም ለዓለም አቀፉ የቤት ውስጥ ውድድር ተመረጠ። ያን ሳምንት አቶ ናሁሰናይ ልጄን እንደ አዲስ ወለዱት። ምጥም አልነበረባቸው። በገበያው መግቢያ ላይ ጨርቅ ተሰቀለ፤ «አትሌት አንዷለም የመልካም አስተዳደራችን ፍሬ ነው» ይላል። እኔም ፍሬው ከየትኛው ዛፍ እንደወደቀ ለማወቅ ሄጄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጠጄ ማንበብ ስለማትችል «ስምሽ አለበት?» አለችኝ። «የለም» ብላት «እንግዲያው የጨርቁ ኪሳራ ነው» አለች።

5ኛ. የሩጫው ቀን፣ በዐቢይ ጾም፣ ሕዝቡ በወረዳው አዳራሽ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ቴሌቪዥን መጣ፤ ጄኔሬተርም መጣ። የቀረ ሰው ይመዘገባል ስለተባለ መስማት የተሳናቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ መጡ። አቶ ናሁሰናይም ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ፣ ፊታቸውን ለእኛ ሰጥተው ንግግር ጀመሩ። ስለተሠራው መንገድ ተናገሩ። ስለሚሠራው መንገድ ተናገሩ። ወደ ጤና ኬላው ሲገቡ በትከሻቸው በኩል ሯጮቹ ብቅ አሉ።

ልጄን አየሁት። ቁምጣው እጅግ አጭር ስለነበር ጠጄ በእጇ ዓይኗን ሸፈነች፤ ከዚያ በጣቶቿ መካከል ስታይ አየኋት። ሯጮቹ ጎንበስ ብለው እግራቸውን ከብረት መርገጫው ላይ አሳረፉ። ከኋላዬ አንድ ሰው መታገስ አቅቶት «ጌታው፣ ዞር ይበሉልን፤ ልጁ ተንበርክኳል!» ብሎ ጮኸ። አቶ ናሁሰናይም «እሱ በጥያቄ ሰዓት ይነሣል» ብለው ወደ ጤና ኬላው ተመለሱ።

ተኩሱ ተሰማ። ልጄ አንድ ሁለት እርምጃ ወጣና ቆመ፤ እጁንም አነሣ። ሌሎቹ ሄዱ። ከወዲያ ማዶ ግድግዳው ላይ ፍራሽ ተለጥፏል፤ ሄደው ተላተሙበት። አለቀ። ልጄ እጁን እንዳነሣ በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻውን ቀረ፤ ራሱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ሰው ይፈልጋል። ምን እንደሚፈልግ አዳራሹ ውስጥ ያልገባው አልነበረም። ሕዝቡ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ በአንድ አፍ «መልሱ!» ብሎ ጮኸ። አቶ ናሁሰናይ ስለ ጤና ኬላው የተደሰትን መስሏቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እናመሰግናለን» አሉ።

ከዚህ በኋላ ነው አንድ ሰው ልጁ መቆሙን በጆሯቸው የነገራቸው። ቴሌቪዥኑ ነገሩን ወደ ኋላ መልሶ፣ ቀስ አድርጎ ሊያሳየን ጀምሮ ነበር። ከልጄ አጠገብ የነበረው ሯጭ እግሩ ከተኩሱ በፊት ተነሥቶ እንደሆነ ለማየት አንገታችንን ባሰገግንበት ሰዓት አቶ ናሁሰናይ «ነዳጅ አይባክን» ብለው ጄኔሬተሩን አስጠፉት። ለመንግሥት ንብረት ያላቸው ተቆርቋሪነት እንዲመሰገንላቸው በዚሁ አጋጣሚ አሳስባለሁ።

6ኛ. እኔ ያ ሌላው ሯጭ ቀድሞ ተነሥቷል ብዬ አልምልም። ሜዳሊያም አልጠይቅም። ልጄ ቤት ሲመጣ የነገረኝን ብቻ እጽፋለሁ። «እማ፣ እግሩን አየሁት። ቆምኩ። ዳኛው የት እንዳለ ስፈልግ ሩጫው አለቀ» አለኝ። «ዓይንህ ቢያታልልህስ?» አልኩት። «እንዲያ ከሆነ ያጣሁት የራሴን ሣር ነው» አለኝ።

ለካ በዚያ አገር ሥርዓቱ ሌላ ኖሯል። እዚያ ሯጭ አጠገቡ ያለውን አያይም፤ ቢያይም አላየም፤ «ተመለሱ» የሚለውን ሁለተኛ ተኩስ ካልሰማ በቀር ዝም ብሎ ይሮጣል። ይህን አሠልጣኙ ነግሮታል፤ ተቆጥቶታልም። «አንተ ሩጥ፤ ዳኝነቱን ለዳኛ ተውለት» ብሎታል። ይህ ቁጣ ተገቢ ነው። ልጄ ራሱን ደፍቶ ተቀብሎታል። ባዕድ አገር ሄዶ የባለቤቱን ሥርዓት አለማወቅ ነውር ነው፤ እኔም ብሆን እቆጣው ነበር። ክለቡም ነገሩን በዚሁ ዘግቶ «ሰኔ ሳያልቅ ከወረዳህ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣና ውልህን እናድሳለን» ብሎ ሰደደው።

ቤቴ ስላፈሰሰችበት አንድ ጊዜ እናገራለሁ ብያለሁ። አንዷለም ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ጓሳ ላይ እንዲሁ ቆሞ እጁን አንሥቶ ነበር። የጓሳው ዳኛ አቶ ወሰኔ ሰዎችን ጠይቀው ዓይኑ እንደተሳሳተ ፈረዱ። ሣር አላገኘንም። ክረምቱን ድስትና ቅል እየደረደርን የጣራ ውሃ ስንቀልብ ከረምን። አቶ ወሰኔ ግን ቤቴ ድረስ መጥተው ከሚንጠባጠበው ሥር ቁጭ አሉና «አንተ ልጅ፣ ዓይንህ ተሳስቷል፤ እግርህ ግን አልተሳሳተም» አሉት። ውሃ በውሃ ሆነው ሄዱ። ዳኛ ማለት እንዲህ የሚያደርግ ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ በወረዳ ደረጃ እንዲሰጥ የሚያዝ መመሪያ ካለ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

7ኛ. ልጄ ደብዳቤውን ሊያወጣ ቢሄድ የጠበቀው ግምገማ ነው። እኔም እንደ እናት እንድገኝ ተጠራሁ። አቶ ናሁሰናይ ሪፖርታቸውን ቆመው አነበቡ። «አትሌቱ ለአገሩ ክብር ደንታ በማጣት ሆን ብሎ የቆመ ሲሆን፣ እጁን ወደ ላይ በማንሣትም ዓላማው ያልታወቀ ምልክት አስተላልፏል» ይላል።

ከሦስት ዓመት በፊት በነበረው ምርጫ ሁለት ጣት ማንሣት የተቃዋሚዎች ምልክት እንደነበር ክቡርነትዎ ያስታውሳሉ። እኛም እንዳንረሳው ተደርገናል። ስለዚህ ግምገማው የልጄን ጣቶች መቁጠር ጀመረ። አንዱ «ሁለት ነበር» አለ። ሌላው «አውራ ጣቱ ታጥፏል፤ አራት ናቸው» አለ። ሦስተኛው ብዙ አስቦ «አራት ማለት እኮ ሁለት ጊዜ ሁለት ነው» አለ። እኔ ብድግ ብዬ «ጌቶቼ፣ ልጁን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ አምስት ናቸው፤ ቆጥሬ ነው የተቀበልኩት» ብል «እናት ለልጇ አትመሰክርም» ተብዬ እንድቀመጥ ታዘዝኩ።

ከመቀመጤ በፊት ግን አቶ ናሁሰናይን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ያን ሰዓት እኛን እያዩ ነበር፤ ልጄን በየት በኩል አዩት?» አልኳቸው። «ከታማኝ ምንጭ ነው» አሉኝ። ታማኙ ምንጭ ጀርባቸው መሆን አለበት፤ በዚያ ቀን ወደ ቴሌቪዥኑ የዞረው እሱ ብቻ ነበርና።

8ኛ. ይህ በሆነ በጥቂት ቀን፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ፈረንጆች የጓሳን ሥርዓት ሊያጠኑ መጡና ወርክሾፕ ተደረገ። እኔና የጓሳው ዳኛ አቶ ወሰኔ «የማኅበረሰብ ተወካይ» ተብለን ተጠራን። ተወካይ ማለት ከኋላ የሚቀመጥ መሆኑን እዚያ ተማርኩ። ንግግር ያደረጉት አቶ ናሁሰናይ ናቸው። «አባቶቻችን ያቆዩልን ድንቅ ባህል አለን» አሉ። «በእኛ ዘንድ ደንብ ሲጣስ ያየ ሰው የራሱን ጥቅም ትቶ ባለበት ይቆማል፤ እንዲህ አድርጎም እጁን ያነሣል» ብለው እጃቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። አስተርጓሚው ተረጎመ። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ፤ አቶ ናሁሰናይንም እጃቸውን እንዳነሡ ፎቶ አነሷቸው። ፎቶው ደህና እንዲወጣ ብዙ ቆዩ።

አቶ ወሰኔ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «አንቺ በለጠች፣ ስንት ጣት ነው ያነሡት?» አሉኝ። «አምስት» አልኳቸው። «እንግዲያስ ተርፈዋል» አሉ።

ከምሳው በኋላ አቶ ናሁሰናይን ጠብቄ «ጌታዬ፣ ልጄ ያደረገው እኮ ይህንኑ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም እጄን ይዘው «እናቴ፣ አያምታቱ። ይሄ ባህል ነው፤ ያ ስፖርት ነው» አሉኝ። ባህል ማለት ፈረንጅ ሲያየን የምናደርገው፣ ፈረንጅ አገር ሄደን ግን የማናደርገው ነገር መሆኑን እስከ ዛሬ ሳላውቅ በመኖሬ አፍራለሁ።

9ኛ. አሁን የቀረውን ልናገር። አቶ ናሁሰናይ የድጋፍ ደብዳቤውን የሚጽፉት ልጄ በአዳራሹ ቆሞ ግለሂስ ካነበበና ከፈረመበት ብቻ ነው። ግለሂስ የሚባለው ሰው ራሱን በራሱ የሚወቅስበት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጄን ግን ከዚህ ድካም አድነውታል፤ ራሱን የሚወቅስበትን እሳቸው ጽፈው አዘጋጅተውለታል። «ምንም ዓይነት ጥፋት ሳላይ፣ ባደረብኝ የአመለካከት ችግር ሆን ብዬ ቆሜ እጄን አንሥቻለሁ» ይላል። ተነቦልኝ ሳይሆን ራሴ አንብቤዋለሁ። ፊደል ሳላውቅ በፊት ጣቴን ቀለም ነክረው ስንት ወረቀት ላይ እንዳሳረፉኝ ዛሬም አላውቅም፤ ይህንን ግን አውቄዋለሁ።

እኔንም ለብቻዬ ጠርተው «እናቱ ነዎት፤ ይምከሩት። እርስዎም በሴፍቲኔት የሚረዱ ሰው ነዎት፤ ደግሞ ያስቡበት» አሉኝ። አሰብኩበት። መከርኩትም። አልዋሽም፤ ጠዋትም ማታም መከርኩት። «ልጄ፣ ቃል ነው፤ ቃል አጥንት አይሰብርም። አንብበህላቸው፣ ፈርመህላቸው፣ ደብዳቤህን ይዘህ ሂድ» አልኩት። ጠጄም እየመጣች አገዘችኝ፤ «አንተ ሞኝ፣ ስንቱ ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ ይሾማል፤ አንተ አንድ ጊዜ ብትል ምን ትሆናለህ?» ትለዋለች። እሱ ቀና ሳይል የሣር ገመዱን ይገምዳል።

ባለፈው እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመና «እማ፣ አንቺ ፈርም ካልሽ እፈርማለሁ። ምንም ሳላይ ነው እጄን ያነሣሁት ብዬ በሕዝብ ፊት አነባለሁ። ከዚያ በኋላ ጓሳ ሲከፈት ከማን አጠገብ ነው የምቆመው?» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ በዚያ አዳራሽ የሚቀመጡት ጓሳ ላይ አብረውት የሚሰለፉት ሰዎች ናቸው። ልጄ ያን ወረቀት በፊታቸው ካነበበ ዓይኑ የተሳሳተ ሰው መሆኑ ይቀርና እያወቀ ሕዝብን ያቆመ ሰው ይሆናል። አቶ ወሰኔ ቢወዱት እንኳ በገዛ አፉ ከተናገረ በኋላ ሊያስቀሩት አይችሉም፤ ከሰልፉ ያወጡታል፤ ቤቴንም ከጓሳ ያወጣሉ፤ ትክክልም ይሆናሉ። አቶ ናሁሰናይ የዚህ አገር ልጅ ናቸው። ያን ቃል ሲጽፉ ምን እንደጻፉ ያውቃሉ። ባያውቁ ኖሮ ወርክሾፑ ላይ እንዲያ አሳምረው አይናገሩም ነበር።

ስለዚህ ከመምሪያው የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ) አቶ ናሁሰናይ እምሩ ሩጫው ሲካሄድ ፊታቸው ወደየት እንደነበር በጽሑፍ እንዲገልጹ፤ ምስክር ካስፈለገም አዳራሹ ሙሉ ስለነበር ከበቂ በላይ እንዳለ እንዲታወቅልኝ፤

ለ) «ሆን ብሎ» እና «ምልክት» የሚሉት ከሪፖርቱ እንዲሰረዙ፤ የጣቶቹ ቁጥር ለመምሪያው አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ልጄ ሁለቱንም እጆቹን ይዞ ለመቅረብ ዝግጁ መሆኑ እንዲታወቅልኝ፤

ሐ) ክለቡ ሰኔ ሲያልቅ ምዝገባውን ስለሚዘጋ የድጋፍ ደብዳቤው ያለ ምንም ግለሂስ እንዲሰጠው፤ ለወረዳው የሚከብድ ከሆነም መምሪያው በራሱ እንዲጽፍለት፤

መ) በሴፍቲኔት ጉዳይ ላይ እንዳስብበት የተነገረኝን አስቤ ስለጨረስኩ ሌላ የማስበው ነገር እንዳይሰጠኝ።

ልጄ ሮጦ አላሸነፈም። ይህንንም ዓለም ሁሉ አይቶታል፤ እኔም አይቼዋለሁ። ያጣው ግን የራሱን ነው፤ የማንንም አልወሰደም። በእኛ ሕግ ከዚህ በላይ ቅጣት የለም። በመንግሥት ሕግ ካለ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ይጻፍልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን አነበዋለሁ።

አቶ ናሁሰናይ ልጅዎን ይምከሩ ብለውኝ የታዘዝኩትን ፈጽሜያለሁ፤ እስካለፈው እሑድ ድረስ ያለመታከት መክሬዋለሁ። ሰኔ ሊያልፍ ይችላል። ክለቡ በሩን ሊዘጋበት ይችላል። እርዳታውም ሊቀርብኝ ይችላል። ያም ሆኖ ከዛሬ ጀምሮ ልጄን «ፈርም» አልለውም።

ቅሬታዬ ሳይቀነስ፣ ከሰላምታ ጋር

በለጠች ገሠሠ
(ፊርማ)